ባለ አንድ ማይኮቹ

ባንዳችን ስሙን ሦስት ጊዜ ቀይሯል፤ አንዱንም ሰው አልያዘልንም። እሁድ እሁድ በምሳ ሰዓት የምንጫወትበት የመስቀል ፍላወሩ ምግብ ቤት ደንበኞች ስንገባ ሲያዩ «ባለ አንድ ማይኮቹ መጡ» ይሉ ነበርና ስማችን እሱ ሆኖ ቀረ። አራት ሰዎች ነበርን፣ አንድ ማይክ ነበረን። ማይኩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ቁም ሣጥኔ አናት ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አቧራ በጠረግሁ ቁጥር አወርደዋለሁ፣ ልጥለው አስብና መልሼ እሰቅለዋለሁ።

እንዲህ ስጀምር ሐዘን ብቻ የምጽፍ ይመስላል። ደስ ብሎንም ነበር እኮ። ስለዚህ መጀመሪያ ደስ ያለንን ልናገር፤ ጥፋቴ እንደሆነ የትም አይሄድብኝም።

እኔ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሌሎች ሰዎች የሚፈርሙበትን ደብዳቤ በመተየብ ነው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አለቆቼም ጎረቤቶቼም ይህን ያውቃሉ። ልጃገረድ ሳለሁ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር እመታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ክራሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ከሰቀልኩበት እንዳወርደው ያደረገኝ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጓደኛዬ ነው። ጊታር ይጫወታል፤ እዚህ መምህሩ እለዋለሁ።

መምህሩ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ፈረንጅ መምህር ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ ቢለው ባንጆውን ለመምህሩ ትቶለት ሄደ። ባንጆ ከበሮ ላይ የጊታር አንገት የተከሉበት የሚመስል ዕቃ ነው፤ ሆዱ ክብ ሆኖ ቆዳ ተወጥሮበታል፣ አምስት ክር አለው፣ አምስተኛዋ ክር ከሌሎቹ አጥራ ከአንገቱ መሀል ላይ ትነሳለች። መምህሩ «ጊታር የሚችል ሰው ይሄ አያቅተውም» ብሎ አንድ ወር ሙሉ ታገለው፣ አቃተው። ከዚያ እኔ እንድሞክረው ቢሮዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የቢሮ ሰው መጥበሻ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ወስጄ ሳየው አምስት ክር አለው። አምስት ክር ካለው ክራር ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? በትዝታ ቅኝት ቃኘሁትና መምታት ጀመርኩ። ስህተት መሆኑን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ፈረንጁ በፍላሽ ትቶልን በሄደው ሙዚቃ ውስጥ ባንጆው የሚቃኘው ፈጽሞ በሌላ መንገድ ነበር። እኔ ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ጣቴን አስለምጄው ስለነበር ልመልሰው ብልም አልቻልኩም። አጭሯ ክር ከላይ ሆና ያችኑ አንድ ድምፅ ስትደጋግም፣ ትዝታ ከዚያ በፊት በማያውቀው ፍጥነት መሮጥ ጀመረ። መምህሩ ሲሰማው አፉን ይዞ ቀረ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ፍላሹ ላይ ያለው ሙዚቃ ብሉግራስ እንደሚባል መምህሩ ነገረን። የአሜሪካ ገጠሬዎች ሙዚቃ ነው። ከበሮ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፤ በክር ብቻ ይሮጣሉ። አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ያጅቡታል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ይሆናል። ሦስተኛው ጓደኛችን ባምቢስ አካባቢ የመብራት ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ወላጆቹ ከወልቂጤ የመጡ፣ ቤዝ ክራር የሚመታ ሰው ነው። ሁለት ዘፈን ሰምቶ «በቃ፣ እነዚህ የፈረንጅ አዝማሪዎች ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ብሉግራስ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከባለሱቁ የተሻለ ያስረዳኝ ግን የለም።

አዝማሪ ከተባለ ደግሞ ማሲንቆ ያስፈልጋል። ጋሼ ካዛንቺስ ውስጥ ከእኔ ቤት አንድ ቅያስ ወረድ ብለው ነበር የሚኖሩት። ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጠጅ ቤት ሲጫወቱ ኖረው፣ መጠጡ ሊገድላቸው ሲደርስ ተስለው አቁመዋል። እኛ ስናገኛቸው ጠላ እንኳ ካፋቸው ሳይደርስ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ስለታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሠርግ ቤት ጎረቤት ሁሉ ለስላሳ ይዞላቸው ይሮጥ ነበር።

መለማመጃችን የእሳቸው ቤት ሆነ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ ሻይ ያፈሉልንና ከጋሼ ጎን ይቀመጣሉ። ጋሼ ወሬ ከጀመሩ ማንም አይገባባቸውም፤ ጥያቄ ስንጠይቃቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሱልን እትዬ ናቸው። ስልካቸውንም የሚያነሱት እትዬ ናቸው። እኔ በልቤ «ምን ዓይነት ሰው አላስወራ የምትል ሴት ናት» እል ነበር። ጋሼ ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን ስለሚያዩ ደግሞ መምህሩ «ጋሼ ጥርስ ሐኪም ቢሆኑ ይሻል ነበር» ብሎ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሩ ጊታሩን አስተካክሎ ለማሲንቆው ድምፅ ሊሰጣቸው ሲል ጋሼ ደጋኑን አነሱና ከለከሉት።

«ከእኔ ተቃኙ» አሉ። «ማሲንቆ ወደ ሰው አይሄድም፤ ሰው ነው ወደ ማሲንቆ የሚመጣው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ሆነ። ጋሼ የማሲንቆውን አንገት ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርገው ይስባሉ፤ እኛ ሦስታችን ወደዚያ ድምፅ እንመጣለን። ድምፁ ግን አንድ ቀን እንኳ ከቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ የእኔ ባንጆ ክር በዚህ ምክንያት ስንቴ ተበጥሷል። አጉረመርም ነበር። «እኝህ ሰውዬ እንዲህ ግትር ሆነው እንዴት ሚስት አገኙ?» ብዬ ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ፤ እሳቸው አጠገባችን ቆመው እያሉ ነው የተናገርኩት፤ ዞር እንኳ ሳይሉ ሲቀሩ እንዳልሰሙ ሆኑልኝ ብዬ አፈርኩ።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። ባለሱቁ ቤዝ ክራሩን የሚያቆምበት ከሱቁ መደርደሪያ የሠራው ባዶ የእንጨት ሳጥን አለው፤ ክራሩ ሲመታ ሳጥኑ አብሮ ያስገመግማል። ጋሼ ተራቸው ሳይሆን ሲቀር ሁልጊዜ ሳጥኑ አጠገብ ይቆሙና አንድ እግራቸውን ላዩ ላይ ያሳርፋሉ። «ጫማዎን ልጥረግልዎ ጋሼ?» ይላቸዋል ባለሱቁ። እሳቸው እግራቸውን አያነሱም። አንድ ቀን ሳጥኑን ረስቶት መጥቶ ጋሼ «ዛሬ አሞኛል» ብለው ልምምዱን አስቀሩት፤ ባለሱቁ ሄዶ ቢያመጣው ሃያ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው።

ማይኩን በተመለከተ፣ አንድ ብቻ የሆነው ሌላ ስለሌለን ነው። ምግብ ቤቱ የነበረው ያ አንድ ማይክ ነው፤ በኋላም አሮጌ ነው ብለው ለእኛ ተዉልን። አራታችን ዙሪያውን እንቆማለን፤ ተራው የደረሰው ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፣ የጨረሰው ወደ ኋላ ይላል። መምህሩ በኋላ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየን፤ እነዚያም የፈረንጅ አዝማሪዎች ለካ በአንድ ማይክ ዙሪያ እየተጋፉ ነው የሚጫወቱት። ድህነታችን ስታይል ሆኖ አረፈው። መጀመሪያ ላይ ግን እርስ በርስ እንጋጭ ነበር፤ አንዴ የባንጆዬ አንገት የመምህሩን መነጽር ሾርባ ውስጥ ጥሎታል። ያን ቀን ጋሼ መላ አመጡ።

«የሚወጣው የሚገባውን ክርኑን ይንካው» አሉ። «ማለቴ፣ እንዲያ ከሆነ ማንም ማንንም አይረግጥም።»

እውነትም መጋጨቱ ቀረ። ከጋሼ በፊት ሶሎ የምጫወተው እኔ ስለሆንኩ፣ ጨርሼ ስወጣ በግራ እጄ ክርናቸውን እነካቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ይገባሉ። እንዴት እንደሚገቡ! ሮጦ ሮጦ የደከመ ዘፈን በእሳቸው እጅ ሲገባ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ምግብ የሚበላው ሰው ጉርሻውን በእጁ ይዞ ይቀራል። እኔ እንኳ፣ ሰውን ማመስገን የማይሆንልኝ ሰው፣ ስንት እሁድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሠርግ ጠሩን፣ በአንድ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ተጫወትን። እዚያ አንድ ሰው መጥቶ ስለ እኛ ሙዚቃ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረና መምህሩ ሲተረጉምልን «ተራማጅ ብሉግራስ ነው የምትጫወቱት ይላል» አለ። ጋሼ የመምህሩን አፍ ሲያዩ ቆይተው ደነገጡ።

«ተራማጅ? ኧረ በሕግ!» አሉ። «ያ ቃል በእኛ ጊዜ ስንቱን ልጅ በልቷል። እኔን ቆሞ የሚጫወት በሉኝ።»

ሳቅን። እኔ ግን ቃሉ ልቤ ውስጥ ገባ። ወደ ፊት መራመድ አለብን ማለት ጀመርኩ። በአንድ አሮጌ ማይክ እስከ መቼ? ከእኛ በኋላ የተነሱ ሰዎች በቴሌቪዥን ሲታዩ እኛ ክትፎ በሚበላ ሰው ፊት እስከ መቼ? እንዲህ እያልኩ ልምምዱ ላይ ሁሉንም አሰለቸኋቸው። ጋሼ አፌን ያዩኛል።

በዚህ መሀል ለአንድ የበዓል ፕሮግራም ቀረጻ ተጠራን። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው ያነሱት እትዬ ናቸው፤ እልል ብለው ጆሮዬን አደነቆሩት።

ቀረጻው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ እንግዶች ተቀምጠዋል። የድምፅ ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ምንም ክፉ አልሠራብንም። ለእያንዳንዳችን ማይክ አዘጋጅቶ ጠበቀን፤ አራታችንን በሰፊው አራራቀን። ቤዝ ክራሩ በጃክ ስለሚሰካ ሳጥኑ አያስፈልግም አለ፣ ድምፅ ይረብሻል ብሎ ከመድረኩ ጀርባ አስወጣው። ባለሱቁ «ሳጥኑ ይቅር? ጋሼ እኮ...» ብሎ ጀመረ። እኔ «ምን ችግር አለው፣ እግር ማሳረፊያ እኮ ነው» ብዬ አቋረጥኩት።

ጋሼ ወደ እኔ መጡ። አሮጌውን ማይክ ሻንጣዬ ውስጥ አይተውታል።

«አንዱ አይበቃንም?» አሉኝ። «ለምደነዋል እኮ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ዘመኑን ይምሰሉ እንጂ!» አልኳቸው።

አፌን አዩ። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ተመደበላቸው ቦታ ሄዱ። እዚያ ብቻቸውን ሲቆሙ ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር።

ከዚያ ቅኝት ሆነ። ፕሮግራሙ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ጨምሮልን ነበርና ሁላችን ከኪቦርዱ ተቃኘን። ኪቦርድ ወደ ማሲንቆ አይመጣም። ሰውየው ድምፁን ሰጠን፤ ጋሼ ፈገግ ብለው የማሲንቆውን ጆሮ ትንሽ ጠመዘዙና «ሆነ» አሉ። አልሆነም። ደግሞ ሰጣቸው፤ ደግሞ «ሆነ» አሉ። ካሜራ የያዙት ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እንግዶቹ ያጉረመርማሉ፣ የእኔ ደም ፈላ። ሄጄ ማሲንቆውን ከእጃቸው ወሰድኩና እኔው ቃኝቼ መለስኩላቸው። በሰው ፊት። ማሲንቆ ተጫዋች ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከእጃቸው ስወስደው ጣታቸው ትንሽ ያዝ አድርጎት ነበር፤ ሳብ ሳደርገው ለቀቁት።

ዘፈኑ ጀመረ። መምህሩ ሶሎውን ተጫወተ፣ ቀጥሎ እኔ። ስጨርስ ክርናቸውን የምነካበት ቅርበት የለም፤ ከእሳቸው ሦስት ትልልቅ እርምጃ ርቄያለሁ። በዓይኔ ጠቀስኳቸው፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ተራቸው አለፈ። ኪቦርዱ ክፍተቱን ሸፈነው። ከዚያ መምህሩ መዝፈን ሲጀምር፣ ልክ ግጥሙ መሀል ላይ ጋሼ ገቡ። ጣታቸው የማያውቀው ውጥረት ላይ ነበርና ድምፁም ከእኛ ጋር አልገጠመም። መምህሩ ቆመ፣ እኛም አንድ በአንድ ቆምን። እሳቸው አልቆሙም። የማሲንቆውን አንገት ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው፣ ያ ሁሉ አዳራሽ ጸጥ ብሎ፣ ብቻቸውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ዓይናቸውን ሲገልጡ አንዳንድ እንግዳ ይስቃል፣ አንዳንዱ በሐዘኔታ ያጨበጭባል። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ከመድረክ ወርደን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ፊታቸው ቆሜ ጮህኩባቸው።

«ጠጥተው ነው እንዴ የመጡት?»

ለምን ያንን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የወጣልኝ እሱ ነው። መምህሩ ክንዴን ይዞ «ተይ» አለኝ። ጋሼ አፌን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ዓይኔ አነሱ።

«አዎ» አሉ። «ትንሽ ቀምሼ ነበር።»

ባለሱቁ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ዞር አለ። መምህሩ «ጋሼ፣ ስለትዎን?» አላቸው። ጋሼ ማሲንቋቸውን በጨርቁ ጠቅልለው በደረጃው ወረዱ። እኔ አምኛቸዋለሁ። እንዲያውም ንዴቴ ባሰ፤ ስንት ዓመት ጠብቀው ይህን ቀን መረጡ ብዬ።

ቀረጻው ያለ እሳቸው ተደገመ። ለበዓሉ የታየው ሦስታችንና ኪቦርድ ተጫዋቹ ነን። ከዚያ ልምምዱን ወደ ባለሱቁ መጋዘን አዛወርነው። «ሂዱልን» ብሎ ጋሼን ያናገራቸው ሰው የለም። እኔ ነኝ የደወልኩት፣ እትዬ አነሱ፣ «ልምምዱ ለጊዜው ቆሟል በሉልኝ» አልኳቸው። «እሺ እህቴ፣ እነግረዋለሁ» አሉ። እሁድ እሁድ ምግብ ቤት ስንጫወት ሰው «ሽማግሌውስ?» ሲለን «አሟቸው ነው» እንላለን። በሰፈር መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻቸው በሌላ ቅያስ ዞሬያለሁ።

ባንዱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ፤ መኖር ከተባለ። አራት ማይክ ነበረን፣ ኪቦርድ ነበረን፣ በትክክል የተቃኘን ነበርን። ሰው ግን ጉርሻውን መያዝ አቆመ፤ ዝም ብሎ ይበላል። አንድ እሁድ መምህሩ ልጁን ሊያሳክም ቀረ፣ በሚቀጥለው ባለሱቁ ዕቃ ሊያስገባ ቀረ፣ በሦስተኛው ምግብ ቤቱ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ ኳስ ያሳይ ጀመር። ማንም «ጨርሰናል» አላለም።

ቀጥሎ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ። የጋሼ ቤት ከተነሱት መሀል ነበር፤ እነ እትዬ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው ሲባል ሰማሁ። ዕቃ ሲጭኑ ልሄድ ወጥቼ ነበር። ከቅያሱ አፍ ላይ ሆኜ ጋሼ ማሲንቆውን ለማንም ሳይሰጡ አቅፈው የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሲገቡ አየሁ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በዚያ ሳልፍ ወለሉ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሳጥኑ የነበረበት ጥግ እንኳ ይታወቃል። አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ለራሴ ቃል ስገባ ዓመት አለፈ።

ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። መርዶውን የነገረኝ መምህሩ ነው፤ ሰልስቱ ላይ ሦስታችን በባለሱቁ መኪና ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው። ድንኳኑ ሁለት ሕንጻ መሀል ተተክሏል፤ አብዛኛው ሰው አዲስ ጎረቤት ነው፤ ሟቹ ማሲንቆ ይጫወቱ እንደነበር የማያውቅ ሰው ሁሉ ነበር። እትዬ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነሱና ሦስታችንን በአንድ ላይ አቀፉን። እኔ ከዚያ እቅፍ ውስጥ መውጫ ጠፋኝ።

ሰዉ ሳሳ ሲል እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መምህሩና ባለሱቁ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ናቸው። እትዬ እጄን ያዙና ይደባብሱ ጀመር።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «ማመስገን ነበረብኝ፤ ቀን አጣሁ። ያንን ሁሉ ዓመት ጉድለቱን ሸፍናችሁ አኖራችሁት።»

«የቱን እትዬ?» አልኳቸው።

«ጆሮውን ነዋ» አሉ፤ እኔ እያወቅሁ ለማስመሰል እንደጠየቅሁ ቆጥረው በሐዘናቸው መሀል ፈገግ አሉልኝ። «የግራው ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሞቷል። እናንተን ሲያገኝ የቀኙም እያለቀ ነበር። የራሱን ማሲንቆ በጉንጩ አጥንት ይሰማዋል፤ የሌላውን ግን... ያው ታውቂዋለሽ። ለማንም አልናገርም ብሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ከልምምድ በኋላ ‹አውቀውብኛል፤ ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው መሰለሽ› አለኝ። ‹ከእኔ ነው የሚቃኙት። እግሬን ከሳጥኑ ላይ አውርድ የሚለኝ የለም፤ የዘፈኑን ምት ከእንጨቱ ነው የምለቅመው። ተራዬም ሲደርስ ያቺ ልጅ ክርኔን ትነካኛለች። ሳልነግራቸው አውቀው፣ አውቀውም አላሳፈሩኝ› አለኝ። እንዲያ ያለ ደስታ አይቼበት አላውቅም።»

አንገቴን ደፋሁ። 

«በኋላም ቢሆን እሱ አልተቀየማችሁም» አሉ እትዬ። «ከቀረጻው ሲመጣ እዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ‹ያቺ ልጅ ዛሬ አሰናበተችኝ› አለኝ። ‹አፍ አውጥታ ሂዱ ማለት ከብዷት ሳጥኑንም፣ ቅኝቱንም፣ ክርኔንም በአንድ ቀን ወሰደችብኝ። እውነቷን ነው፣ ሸክም ሆኛለሁ፤ እስከ መቼ ትሸከመኝ? ከዚያ ደግሞ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ጠጥተው ነው ብላ መውጫ ሰጠችኝ። እኔም አዎ አልኳት፣ እንዲቀልላት› አለኝ። ስለቱን አልሰበረም እኮ፣ ጠብታ አልቀመሰም። አዎ ያለሽ እግዜር ያውቀዋል ብሎ ነው።»

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። አላወቅንም ነበር እትዬ፣ ልል ነበር። አንዳችንም አላወቅንም። ግትር ናቸው ብዬ ነው ከእሳቸው የተቃኘሁት፣ እንዳንጋጭ ብዬ ነው የነካኋቸው፣ ተናድጄ ነው የጮህኩባቸው። ያ ሰው በሕይወቱ ካገኘው ደግነት ሁሉ የሚበልጠውን ከእኛ ያገኘ መስሎት ነው የሞተው፤ ይህን አሁን ከእኝህ ሴት እጅ ልውሰድባቸው? ማሲንቆውን ከእጃቸው የወሰድኩበት ቀን ትዝ አለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«እሱን እንዳኖራችሁት እናንተንም በሰላም ያኑራችሁ» አሉኝ እትዬ፣ እጄን እንደያዙ።

«አሜን» አልኩ።